ኮረብታው ያንቺ ነው

ጥር 2
ከማልጠራው ቦታ

ውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? በዚህ ብርድ ወደ ኮረብታው አይውጡ ብዬዎት ነበር፤ እንደማይሰሙኝ አውቃለሁ፣ ግን ልበለውና ይውጣልኝ። እስከ ዛሬ ስላልጻፍኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በኢየሩሳሌሙ ቢሮ በኩል የላኩት ደብዳቤ ገና ትናንት እጄ ገባ።

የጠየቁኝን በተራ ልመልስ። አዎ፣ እበላለሁ። በቀን ሦስት ጊዜ፤ ሁለቱ ዓሣ ነው፣ አንዱ ድንች። አዎ፣ የክፍሌ በር ቁልፍ አለው። አይ፣ ሹራቡ አልጠበበኝም፤ እንዲያውም ከላዬ ወርዶ አያውቅም። የት ነሽ ላሉት ግን አልመልስም አባዬ። ከመሳፈሬ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ፈርሜያለሁ፤ የአገሩን ስም፣ የሰዎቹን ስም፣ ጠረጴዛው ላይ የሚባለውን ለማንም አልናገርም ብዬ። «ለአባቴም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «በተለይ ለአባትሽ» አሉኝ። በረዶ አለ ማለት ግን አልተከለከልኩም። አለ። መስኮቱ ግማሽ ድረስ አለ።

ለማን ነው የምትሠሪው ብለዋል። ለእኛ ሰዎችም አይደለም፣ ለእስራኤሎቹም አይደለም። ሁለቱን እናስታርቅ ብለው ቤታቸውን ለከፈቱት ለዚህ አገር ሰዎች ነው። እኔ መሀል እቀመጣለሁ። የእኛ ሰው «እኔ ከዚህ አልነቃነቅም» ሲል እኔም በእንግሊዝኛ «እኔ ከዚህ አልነቃነቅም» እላለሁ። የእነሱ ሰው «እኔ ይህን አልቀበልም» ሲል በዓረብኛ «እኔ ይህን አልቀበልም» እላለሁ። ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ እውላለሁ ማለት ነው። ከራሴ አንድ ቃል መጨመር ክልክል ነው። ትናንት አስነጠሰኝና ሁሉም ዞረው አዩኝ፤ የትኛው ወገን እንዳስነጠሰ ግራ ገባቸው መሰለኝ።

ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። ከእነሱ ወገን ባግዳድ የተወለደ አንድ ሽማግሌ አለ፤ ዓረብኛውን ከእኔ አብልጦ ያውቃል፣ ስብሰባ ላይ ግን አይናገረውም። ለሻይ ስንወጣ ብቻ ስኳሩን እያማሰለ የድሮ ዘፈን ያንጎራጉራል።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልዎ ሴት ሶልቬይ ትባላለች። የአስታራቂዎቹ ሠራተኛ ናት፣ ኢየሩሳሌም ነው የምትኖረው። ዓረብኛ የተማረችው ከመጽሐፍ ስለሆነ ስትናገር የሬዲዮ ዜና የምታነብ ይመስልዎታል። በሞቴ እንዳይስቁባት።

እጅዎን እስማለሁ።
ልጅዎ ናዲራ


ጥር 14
ዓይን ሪሓን

እናቴ ናዲራ፣

ሰላምሽ ደርሶኛል፣ ያንቺንም ያብዛልሽ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አራተኛውን ልጀምር ስል አክስትሽ ሁስኒያ ከች አለችና ብብቴ ሥር ሸጎጥኩት። አንቺን ኩዌት ለጥርስ ሕክምና ሄዳለች ብያታለሁ። ይኸው በየቀኑ እየመጣች «ያን የመሰለ ጥርስ!» እያለች ታለቅሳለች። ስትመጪ አፍሽን ከፍተሽ እንዳትስቂ።

ፈረንጇ መጣች። አልሳቅኩባትም፤ ማለቴ ፊቷ ላይ አልሳቅኩም። በር ላይ ቆማ «እነሆ መልእክት ይዤ መጥቻለሁ» ስትለኝ ጦርነት የታወጀ መስሎኝ ነበር። ሩዝ በበግ ሥጋ አበላኋት፣ እንደ ማር የወፈረውን የወይን ድብስ በዳቦ አቀረብኩላት፣ ጣቷን ላሰች። ስለ አንቺ ግን ትንፍሽ አላልኩም። እንግዳ ሦስት ቀን ሳይሞላው ጉዳዩ አይጠየቅም፤ አባቴም አልጠየቀ፣ እኔም በእርጅናዬ አልጀምረውም። ሴትዮዋ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በላይ አትቀመጥም። በዚህ ዓይነት የት እንዳለሽ ሳላውቅ ልሞት ነው።

«ሰው ሁሉ በወንድ ልጁ ስም ይጠራል፤ እርስዎን ለምን አቡ ናዲራ ይሉዎታል?» አለችኝ። ሌላ ልጅ የለኝም፣ ቢኖረኝም በእሷ ስም እጠራ ነበር አልኳት። ይህንንም ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ያየችውን ሁሉ ትጽፋለች። ኮረብታው ላይ ይዣት ወጣሁ፤ አያትሽ የካቧቸውን እርከኖች፣ እኔ የጠገንኩትን፣ ሁሉን አሳየኋት። ወደደችው። እኔም የሚባለውን አልኳት፣ እሷም ጻፈች።

አሁን የልቤን ልንገርሽ። ያረጁትን ወይኖች በመከር እንደነቀልኳቸው ታውቂያለሽ። እርከኖቹ ራቁታቸውን ናቸው። ከጓሮው ወይን መቶ ሃያ ቁራጭ ቆርጬ ምድር ቤት እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀብሬያለሁ። የካቲት ሳይጋመስ መሬት ካልገቡ ያበቃላቸዋል። ግን ወሬ አለ። መንገድ ሊያወጡ ነው፣ ኮረብታው አናት ላይ የወታደር ጣቢያ ሊሠሩ ነው ይላሉ። ባለፈው ሳምንት ካርታ የያዙ ሰዎች ሸለቆው ውስጥ ቆመው ሽቅብ ሲያዩ ነበር። አንቺ ጆሮሽ ያለበት ቦታ ያውቃል።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ልትከል ወይስ ልተው? ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ወገቤ አንድ ጊዜ መትከል ይችላል፤ ተክዬ ሳበቃ ውጣ ብለው ቢያርሱብኝ ግን በቁሜ ነው የምሞተው። አዎ ወይም አይ በይኝ፣ ይበቃኛል።

አባትሽ ሙስባሕ


ጥር 25
ከማልጠራው ቦታ

ውድ አባቴ፣

ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ስለ ጥርሴ አንብቤ እስኪያመኝ ሳቅኩ። አክስቴን ሰላም ይበሉልኝ፤ ሁለቱን ብቻ ነው የነቀሉላት ይበሏት።

እዚህ በረዶው ብሶበታል። ጠዋት ከእንቅልፍ ስንነሳ በሩን ከውስጥ መክፈት አቅቶን የማብሰያ ቤቱ ሰውዬ በመስኮት ወጥቶ በአካፋ ዛቀልን። በረዶ ነጭ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ማለዳ ሰማያዊ ነው፣ ወደ ማታ ደግሞ እንደ ሮማን ፍሬ ቀይ ቀይ ይላል። ዛፎቹ ቅጠል የላቸውም። ሐይቁ ላይ ሰው በእግሩ ይሄዳል። አንድ ውሻ አለ፣ እሱም አብሮን ሐይቁ ላይ ይሄዳል። በረዶው ሲረገጥ ድምፅ አለው፣ ደረቅ ዳቦ እንደመቁረስ ያለ።

ስለ ወይኑ የጻፉትን አይቻለሁ።

ትናንት አንድ ወረቀት ስተረጉም ድምፄ ተዘጋ። ውሃ አመጡልኝ። ያ የባግዳዱ ሽማግሌ የራሱን ብርጭቆ ነው ያቀበለኝ። ታምሜ አይደለም፣ እንዳያስቡ።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ሶልቬይን ኮረብታው ላይ ያሏትን ቃል በቃል ይጻፉልኝ። እሷ ያለችውን፣ እርስዎ የመለሱትን፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ። ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ። ሌላውን ሁሉ ይቅር ይበሉኝ።

ናዲራ


የካቲት 1
ዓይን ሪሓን

ናዲራ፣

መጀመሪያ ተቆጥቻለሁ። ከዚያ በኋላ ሰላም ላንቺ ይሁን።

ሴትዮዋን ምን አሏት ትይኛለሽ። ምን እላታለሁ? ሰደብኳት? አስቀየምኳት? በቤቴ እንግዳ ከፍቶት ወጥቶ ያውቃል? ቃል በቃል ካልሽ ይኸውልሽ። እሷ፣ «ይህ ኮረብታ እጅግ ያማረ ነው» አለች። እኔ፣ «ያንቺ ነው» አልኩ። እሷ ቀላች፤ «በእውነት?» አለች። ምን ልበላት ታዲያ? አይ፣ ለአፌ ያህል ነው ልበላት? እንዲህ ያለ ውርደት ከእኔ ቤት አይወጣም። «በእውነት እንጂ! ውሰጂው፣ ካንቺ አይበልጥብኝም» አልኳት። ሰው ዓይኑ ያረፈበትን ነገር የቤቱ ጌታ ያንተ ነው ይላል፣ እንግዳውም ለባለቤቱ ይባርክለት ብሎ ይመልሳል። ይህን የማያውቅ ሰው አለ? አንቺስ መቼ ረስተሽው ነው የምትጠይቂኝ?

አሁን ሳስበው ግን አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። እንዳትናደጂ ብዬ ነው የደበቅኩሽ። ከኮረብታው ስንወርድ የእናትሽን ምንጣፍ አየችና «ድንቅ ሥራ ነው» አለች። ያንቺ ነው አልኳት። እጄን ጨበጠችኝ፣ ምንጣፉን ጠቅልላ ብብቷ ሥር አድርጋ መኪናዋ ውስጥ አስገባችው። እኔ በር ላይ ቆሜ እጄን አውለበለብኩ። ምን ላድርግ? ሮጬ ልንጠቃት? ያን ቀን እራቴን አልበላሁም። በክፋት አይደለም እኮ፤ ደስታዋን ብታዪ! መጽሐፉ ላይ አልተጻፈም መሰለኝ።

ወደ ወይኑ እንምጣ። አንቺ የሰባት ዓመት ልጅ ሆነሽ የእናትሽን ማሰሮ ሰብረሽ እስክትተኚ ድረስ ስለ ዝናብ ያወራሽኝ ልጅ ነሽ። አሁን ደግሞ ስለ በረዶ፣ ስለ ሐይቅ፣ ስለ ውሻ ጻፍሽልኝ። ስለ ወይኑ አንድ መስመር። ልቤ ድንግጥ አለ፣ አልዋሽሽም። ቢሆንም እጠብቃለሁ። ቁራጮቹን ዛሬ አውጥቼ አየኋቸው፤ እምቡጣቸው ማበጥ ጀምሯል። እስከ የካቲት አሥራ አምስት ይችላሉ። እስከዚያ አዎ ወይም አይ የሚል አንዲት ቃል ብትልኪልኝ ማንም አያውቅብሽም። እኔ ነኝ የማነበው፣ አንብቤም እበላዋለሁ።

ሹራቡን አታውልቂ።
አባትሽ


የካቲት 7
ከማልጠራው ቦታ

አባዬ፣

ተቀምጠው ያንብቡት።

ጠረጴዛው ላይ የተባለውን አልናገርም ብዬ ፈርሜያለሁ። ስለ እርስዎ የተጻፈው ግን የእርስዎ ነው ብዬ ወሰንኩ። ቃሌን አፍርሼ ከሆነ እሱን ብቻ ነው ያፈረስኩት።

አስታራቂዎቹ ስለ ኮረብታው ባቀረቡት ወረቀት ላይ እንዲህ የሚል አረፍተ ነገር ነበር፦ «የቦታው ባለቤት መሬቱን ለመስጠት ፈቃደኛ መሆኑን በገዛ አንደበቱ፣ ሁለት ጊዜ ተጠይቆ፣ አረጋግጧል።» ድምፄ የተዘጋው ያን ቀን ነው። ሥራዬ ነውና ተረጎምኩት። አንድም ሳልጨምር፣ አንድም ሳልቀንስ። የእኛ ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ባለቤቱ ከፈቀደ እኛ ምን አገባን የሚል ፊት ነበራቸው። አባቴን በገዛ አፌ ሸጥኩት። ያን ቀን መናገር ነበረብኝ፣ አልተናገርኩም፤ ምናልባት ደክሞዎት፣ መሮዎት፣ የምር ብለው ይሆን የሚል ነገር መጣብኝ። ለዚህ ነው ቃል በቃል ያልኩዎት። እርስዎን ስለ መጠርጠሬ ይቅር ይበሉኝ። ከሁሉም ይህ ነው የሚያሳፍረኝ።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ በማግስቱ ወረቀቱ ለመጨረሻ ጊዜ ተነበበ። እዚያ አረፍተ ነገር ጋ ስንደርስ አቆምኩ። «አሁን የምናገረው እኔ ነኝ፣ አስተርጓሚዋ» አልኩ። «ይህ ሰው አባቴ ነው። ኮረብታውን አልሰጠም። እንግዳውን አከበረ እንጂ። የእናቴንም ምንጣፍ እንዲሁ ሰጥቷል» አልኩ። ዋናው አስታራቂ መነጽሩን አወለቀ።

ከዚያ ያ ሽማግሌ መሳቅ ጀመረ። እየሳቀ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስብሰባ ላይ በዓረብኛ፣ «ምንጣፉንም ወሰደችው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «አባቴ ባግዳድ እያለ የኪስ ሰዓቱን በየሳምንቱ ያንተ ነው ይል ነበር። አርባ ዓመት ሰጠው፣ ሰዓቱ ግን ኪሱ ውስጥ ነበር» አለ። ከዚያ ወደ አስታራቂው ዞሮ በእንግሊዝኛ፣ «ይህ ፈቃድ አይደለም፤ እኛ አካባቢ እንዲህ ነው እንኳን ደህና መጣህ የሚባለው። አውጡት» አለ። የገዛ ወገኖቹ ሳይቀሩ አጉረመረሙበት። አረፍተ ነገሩ ግን ተሰረዘ። እዚያው ፊቴ፣ በእስክሪብቶ።

እኔንም ከሥራው አነሱኝ። በትህትና ነው፣ አይቀየሟቸው። የራሷን ጉዳይ ያመጣች አስተርጓሚ መሀል መቀመጥ አትችልም፤ ልክ ናቸው። ወረቀቱ እስኪፈረም ግን ከቤቱ መውጣት አይፈቀድልኝም። ማብሰያ ቤት ተቀምጬ ድንች እልጣለሁ።

ልትከል ወይ ላሉኝ ዛሬም መልስ የለኝም አባዬ። የተሰረዘው አረፍተ ነገሩ ነው። ኮረብታው ምን እንደሚሆን አሁንም እዚያ በተዘጋው በር ውስጥ ነው፤ የሰማሁትንም እንዳልነግርዎ ፈርሜያለሁ። ወገብዎን አስቤ አለቅሳለሁ። ለእርስዎ ካልተናገርኩ ልጅዎ መሆኔ ምን ይረባል እላለሁ። ከተናገርኩ ደግሞ ይህን ሁሉ ሰው አንድ ላይ ያስቀመጠው አንዱ የሌላውን ቃል ማመኑ ነው፣ እሱን የምበጥሰው እኔ እሆናለሁ። ምን ላድርግ?

ነገሩን በስልክ ሲነግሯት ሶልቬይ ማንም ሳይቆጣት አልቅሳለች አሉኝ። በደህና ይቀበሏት።

ናዲራ


የካቲት 13
ዓይን ሪሓን

እናቴ፣ ዓይኔ፣

ተከልኩ። መጀመሪያ ይህን እወቂው።

እስከ አሥራ አምስት እጠብቃለሁ ብዬሽ ነበር፤ ውሸቴን ነው። ያን ደብዳቤ ለሴትዮዋ ሰጥቼ መኪናዋ መታጠፊያው ላይ ሲጠፋ በራሴ አፈርኩ። አንብቤ እበላዋለሁ! ይህን የሚል አባት ምን ዓይነት አባት ነው? ልጄን ለመቶ ሃያ እንጨት ብዬ ቃልሽን ብዪ አልኳት። ትከል ብትይኝ ቃልሽ ይፈርሳል። አትትከል ብትይኝም ይፈርሳል። ዝም ብትይም ያው እኔ ዝምታሽን ማንበብ አውቅበታለሁ። ስለዚህ መልስሽ ሳይመጣ ልጨርሰው ብዬ በማግስቱ ጀመርኩ። ብረት ዘንጉን ይዤ ወጣሁ። አሥራ ሁለት ቀን ቆፈርኩ፣ አክስትሽ ውሃ እያመላለሰች፣ እየተራገመችኝም።

ሴትዮዋ ዛሬ ስትመጣ መጨረሻው እርከን ላይ ነበርኩ። ደብዳቤሽን ከሩቅ አሳየችኝ። «እዚያው ያዢው፣ እንዳትሰጪኝ፣ እንዳትነግሪኝም» ብዬ ጮህኩባት። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ በሁለት እጇ ይዛው ጠበቀችኝ፤ ፊቷ የተቀጣች ተማሪ ፊት ነበር። ጨርሼ፣ እጄን ታጥቤ፣ እንዳልሽኝ ተቀምጬ ከፈትኩት።

አባቴን በገዛ አፌ ሸጥኩት የሚለው ጋ ስደርስ ማንበብ አቃተኝ። አብደሻል እንዴ? ሥራሽን ነው የሠራሽው። ጠረጠርኩዎት ላልሽውም ይቅርታ አያስፈልግም፤ እኔም በእነዚህ ቀናት አንዳንዴ ይውሰዱትና ልረፍ ብዬ አውቃለሁ። አንቺ የሰማሽው ይህን ይሆናል። ከዚያ «የምናገረው እኔ ነኝ» ያልሽበት ጋ ስደርስ ቆሜ አነበብኩት። ሴትዮዋ የታመምኩ መስሏት ተነሳች። ሕመም አይደለም ልጄ፣ ደስታ ነው ያስነሳኝ።

ያ የባግዳድ ሰው ይመስገን። አንዱን ቃል አወጣልኝ። ነገ ግን የወታደር ጣቢያውን ወረቀት ይፈርም አይፈርም አላውቅም፤ ያው የእነሱ ሰው ነው። ቢሆንም አባቱን ነፍስ ይማር በይልኝ።

ሶልቬይ ምንጣፉን መልሳለች። አስጥባው ነው የመጣችው! ወለሉ ላይ ዘረጋችና ቀጥ ብላ ቆማ በዚያ በዜና ዓረብኛዋ፣ «መንግሥቴ ኮረብታውን እንዳልተሰጠ ይቆጥራል» አለችኝ። አላስቻለኝም፣ ሳቅኩ። እሷም አለቀሰች። አስቀመጥኳትና አስተማርኳት። አውራ ዶሮውን አድንቂ አልኳት። «ግሩም ዶሮ ነው» አለች። ያንቺ ነው አልኳት። ደነገጠች፣ ዙሪያዋን አየች፣ ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ለባለቤቱ ይባርክለት» አለች። እሰይ! አልኳት። አሥር ጊዜ አስደገምኳት፣ ዶሮውም ሰለቸው።

ስለ ኮረብታው አትጻፊልኝ። ምንም አትጻፊ። ድንቹን ላጪ።

አባትሽ


የካቲት 18

አባዬ፣

ዛሬ ተፈረመ፤ ነገ በየሬዲዮው ይነበባል። ስለዚህ ነፃ ነኝ፣ ልነግርዎ እችላለሁ።

ወረቀቱ ስለ ኮረብታው እንዲህ ይላል፦ «ከመንደሩ በስተምሥራቅ ያሉ ከፍታዎች ጉዳይ ከሦስት ዓመት በኋላ ይታያል።» ሌላ የለም። የእርስዎ ነው አይልም። የእነሱ ነው አይልም። ከስድስት ሳምንት በላይ በር ዘግተው፣ ስንት ካርታ አንጥፈው፣ በየመስኮቱ እየቆሙ ሲጋራ አጭሰው ያወጡት ይህን ነው። አስታራቂዎቹ ጽዋ አነሱ። ትልቅ እርምጃ ነው ይላሉ፤ ምናልባት ነው፤ ተኩስ እንዲቆም የሚል አንቀጽም አለበት፣ እሱን አልንቅም። እኔ ግን ማብሰያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ይህን ነው የደበቅኩዎት አባዬ። ሲፈሩት የነበረውን እንኳ አይደለም፤ ምንም ያልሆነ ነገር ነው የደበቅኩዎት። ያን ሁሉ ቀን አፌን ይዤ፣ እርስዎን አስጨንቄ፣ ለካ በሩ ውስጥ የነበረው «ወደፊት ይታያል» ነው።

መቶ ሃያ ጉድጓድ ብቻዎን ቆፈሩ፣ እኔም ልጅዎ ሆኜ አላገዝኩም። ነገ ይለቁኛል። አሁን ቤት መምጣት እፈራለሁ። ምን ይዤ እመጣለሁ? ባዶ እጄን ነኝ።

ናዲራ


የካቲት 21
ዓይን ሪሓን

እናቴ ናዲራ፣

ሬዲዮውን ሰማሁ። አክስትሽም ሰማች። ሬዲዮው የተደራደሩበትን አገር ስም ሲጠራ ዞር ብላ አየችኝና፣ «ጥርሷን እዚያ ነው የነቀሏት?» አለችኝ። ሳታውቅ አልቀረችም ለካ። ሁላችንም አንዳችን ከሌላው ስንደብቅ ከረምን።

መጀመሪያ ተናደድኩ፣ አልደብቅሽም። ይህን ለማለት ከሆነ እዚሁ መንደር ያለው ሰውም ይለው ነበር አልኩ። ማታ ግን ተረጋጋሁ። ወይን ፍሬ የሚያሳየው በሦስተኛ ዓመቱ ነው። ሲመጡ ባዶ እርከን አያገኙም፤ ቅጠሉ ጉልበታቸው ድረስ ይደርሳል፣ ዘለላውም ይታያል። ያን ጊዜ ምን እንደሚሉ ዛሬ ላይ ሆኜ አላውቅም። ቢያርሱት ያርሱት ይሆናል። እፈራለሁ እኔም። ግን ተክያለሁ፣ መቶ ስምንቱም መሬት ገብተዋል።

መቶ ስምንት አልኩ። መቶ ሃያ ብዬሽ ነበር፤ ሳልነግርሽ የቀረሁት ይህን ነው። በላይኛው እርከን ላይ አንድ መደዳ አልተከልኩም። ጉድጓዱን ቆፍሬያለሁ፣ ፍግ አግብቼበታለሁ፣ ድንጋዩን ለቅሜያለሁ። አሥራ ሁለቱ ቁራጮች አሸዋው ውስጥ ናቸው። ያንቺ ናቸው፤ ይህን ደግሞ ለአፌ ያህል አይደለም የምልሽ።

ካልኩት ቀን አልፈዋል፣ ግን ገና አልሞቱም፤ ትናንት ገልጬ አየኋቸው፣ እምቡጣቸው ፈንድቶ አረንጓዴው ወጥቷል። ከዓርብ አያልፉም። እኔ አልተክላቸውም፤ ቢደርቁም አልነካቸውም።

ባዶ እጄን ነኝ አትበይኝ። ሁለቱንም እጅሽን ነው የምፈልገው። ከዓርብ በፊት ድረሺ።

አባትሽ